መልስ፦ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ስሄድ ቴሌግራም ይሠራልኛል? የቻይናው መልእክት መላኪያ ዊቻትስ በሌላ ሰው ይነበባል?

ወንድሜ፣ ቴሌግራም በቻይና ሲም አይሠራም። ፌስቡክም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዝግ ነው። አዘጋጉ እንዲህ ነው፦ ስልክህ የገጹን አድራሻ ሲጠይቅ፣ መሃል ላይ ያለው ማጣሪያ ቀድሞ የውሸት አድራሻ ይሰጠዋል። ያንን ቢያልፍም የገጹ ስም ግንኙነቱ ሲጀመር ብዙ ጊዜ በግልጽ ስለሚላክ፣ ስሙን አይቶ መስመሩን ይቆርጠዋል። ለአንተ የሚታይህ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ገጽ ብቻ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዊቻት ነው። አዎ፣ ሊነበብ ይችላል፤ መልእክቱ በኩባንያው ሰርቨር በኩል ያልፋል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም አልተመሰጠረም፤ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ ሌላ ኩባንያውም ሊያነበው ይችላል። በቻይና ቁጥር በተከፈተ አካውንት የተከለከለ ቃል ያለበት መልእክት ብትልክ፣ ምንም ሳይነግርህ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ሲሙም የሚወጣው በፓስፖርትህ ነው። ስለ ዋጋና ስለ ዕቃ አውራበት፣ ፖለቲካ ግን በፍጹም አትጻፍ። ሮሚንግ (ያገር ቤት ሲም ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርግ አገልግሎት) ካለህ ያገር ቤት ሲምህን ያዝ፤ ዳታው በአገርህ ኔትወርክ ስለሚዞር ብዙውን ጊዜ ቴሌግራም ይከፍትልሃል።