ስለ ታዋቂ ተመራቂዎች ለምትጽፈው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በጋዜጠኝነት ተመርቀሽ ሥራ በጀመርሽ ማግስት ስለ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ ተመራቂዎች ተከታታይ ጽሑፍ አዘጋጂ ተብለሻል። «ውዳሴ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ? ደግሞስ ይሄ ጋዜጠኝነት ነው ወይስ ሕዝብ ግንኙነት?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በዚህ ሙያ ነው የሸበትኩት። የማውቀውን ልንገርሽ።

ቀድመሽ ወደ ባለታሪኩ አትሂጂ። እሱን መጨረሻ ላይ አግኚው። ስሙ የታወቀ ሰው ለጋዜጠኛ የሚነግረው የተለማመደው ታሪክ አለው። ድህነቱ፣ በእግር የተሄደው የትምህርት ቤት መንገድ፣ ኩራዙ፣ ከዚያ ስኬቱ። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ግን ለመጣው ሁሉ የተነገረ ነው። አንቺ መጀመሪያ ዶርም የተጋራውን ጓደኛ፣ ያስተማረውን መምህር፣ ከሥሩ የሠራውን ሰው ፈልጊ።

አንድ ጊዜ ፖሊ፣ ማለትም በድሮው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ ቴክስታይል ተምረው ዕድሜያቸውን በፋብሪካ የጨረሱ አባት ጋ ሄድኩ። «ታሪክዎን ያጫውቱኝ» ስላቸው የተመረቁበትን፣ የተሾሙበትን፣ ጡረታ የወጡበትን ዓመት ቆጠሩልኝና ዝም አሉ። ደግነቱ ቀደም ብዬ አብሯቸው የሠራ የጥገና ሰው አግኝቼ ነበር። መለዋወጫ ጠፍቶ ስለቆመ የሽመና ማሽን ነግሮኛል። እሱን ሳነሳባቸው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። የማርሹን ጥርስ ደብተሬ ላይ ሳሉልኝ። ከብረት ቁራጭ እንዴት ሞርደው እንዳወጡት፣ ቶሎ የሚበላው የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ ልክ አለመሆኑን እንዴት በጆሯቸው እንደለዩት አስረዱኝ። ቡናው ቀዘቀዘ። ጽሑፉ በሙሉ ስለዚያ ማርሽ ሆነ፤ ለሹመታቸው አንድ መስመር በቃው።

ከዚያ ስምና ዓመት። እዚህ ላይ ምሕረት የለም። ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስሙ በይፋ የተከፈተው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ተቋማት ነበሩ። ፖሊ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ነው። ፔዳ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ በዩኔስኮና በዩኤንዲፒ ድጋፍ ለመምህራን ትምህርት የተቋቋመው አካዳሚ ነው። ስለዚህ በ1975 የተመረቁ ሰው «ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ» ተብሎ ሲጻፍ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ስህተቱን ያየዋል። ተቋሙን በጊዜው ስም ጥሪው። ውጭ የቆዩ ሰዎች ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይነግሩሻልና ሳትጠይቂ አትጻፊ። ስም ከነአያት ያዢ፤ በአንድ ባች ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ አይጠፉም። የክብር ዶክትሬት የተሰጠው ሰው ደግሞ እዚያ የተማረ ላይሆን ይችላል፤ ለይተሽ አስቀምጪ።

ጋዜጠኝነት ነው ወይ ላልሽው፣ የሚለየው ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ ነው። ባለታሪኩ «ላንብበውና ላስተካክል» ካለሽ በትሕትና እምቢ በይ። ስሙን፣ ዓመቱን፣ ቁጥሩን በስልክ አንብቢለት፣ ያርምልሽ። ሙሉውን አትስጪ። አለቃሽንም ይህን ሥራው ሳይጀመር አስማሚው። በኋላ ፎቶው ከተነሳ፣ ቀጠሮው ከተያዘ በኋላ ማንሳት ያጣላል።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ያሳስበኛል። የሰዎቹን ዝርዝር ማን አወጣው? ሚኒስትር፣ አምባሳደርና ሥራ አስኪያጅ ብቻ ከሆነ አትቀበይው። ፔዳ የተቋቋመው መምህር ለማፍራት ነው። ዛሬ ሐኪምና ኢንጂነር የሆኑትን ፊዚክስ ያስተማሩ፣ ገጠር ወርደው እዚያው የቀሩ ስንትና ስንት የፔዳ ልጆች አሉ። ማንም አልጻፈላቸውም። ዝርዝርሽ ውስጥ አንድም የክፍል መምህር ከሌለ የዚህን ተቋም ታሪክ እየጻፍሽ አይደለም። ለአለቃሽ እንደዚሁ በይው። እምቢ ካለ ቢያንስ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሰው መምህር ይሁን ብለሽ ተሟገቺ። እኔ በቦታሽ ብሆን ከእነሱ እጀምር ነበር፣ ምክንያቱም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ ሚኒስትሩን ግን ሌላም ሰው ይጽፈዋል።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ። ከድሮ የፖሊ ሰዎችም ፈቃዳቸውን ጠይቄ የማገናኝሽ አላጣም።