መደቡን ለልጆቹ ስጧቸው፦ ለወጣት መምህራን

የተከበራችሁ ወጣት መምህራን፣

34 ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ አብዛኛውን ጊዜ በምንጃር ገጠር አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ትምህርት ቤት አትክልት ቦታ ነው፤ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት የተሳሳትሁበት ጉዳይ ነውና።

ሥራ በጀመርሁበት ትምህርት ቤት አትክልት ቦታው የቅጣት ቦታ ነበር። ያረፈደ ይቆፍራል፣ የቤት ሥራ ያልሠራ ውኃ ይቀዳል፣ የረበሸ አረም ይነቅላል። እኔም ስንቱን ልጅ ዶማ አስይዤ ልኬአለሁ። ጎመኑ መብቀሉን በቅሏል፤ ልጆቹ ግን መቆፈር የጥፋተኛ ሥራ መሆኑን ተማሩ፤ ያውም አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ነበሩና አባቶቻቸው ማልደው የሚውሉበትን ሥራ ቅጣት ብለን የሰየምንባቸው እኛ መምህራኑ ነን። ይህን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ሲሆን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለምናችሁ ዶማም ባልዲም በቅጣት ስም ልጅ እጅ እንዳይገባ ነው።

ቀጥሎ የሚገጥማችሁ ችግር የትምህርት ዘመኑና የዝናቡ አለመገጣጠም ነው። ትምህርት ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ ዋናው ዝናብ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፣ ልጆቹ ሲመለሱ ሰማዩ ሊጠራ ተቃርቧል። ብዙ መምህር ቆስጣና ሰላጣ አዘርቶ ኅዳር ላይ ውኃ ሲያጥረው ትቶታል። በጥቁር አፈር አገር መፍትሔው አባቶቻችን የሚያውቁት ሽምብራ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ይዘራል፣ ብዙ ውኃ ሳይጠይቅ ያድጋል፣ ልጆቹ ለፈተና ሳይቀመጡ እሸቱም ምርቱም ይደርሳል። ጥቁር አፈር በሌለበት ደግሞ ጥቂት መደብ ጎመን ከእጅ መታጠቢያው በሚፈሰው ውኃ ማቆየት ይቻላል።

ለአምስት አምስት ልጆች አንዳንድ መደብ ስጡና መለካቱን ለእነሱ ተዉላቸው። በመጀመሪያ በስንዝር ይለኩ፤ የአንዱ ስንዝር ከሌላው ስንዝር አልገጥም ብሎ ሲጨቃጨቁ ሜትር ለምን እንዳስፈለገ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል። በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሴንቲ ሜትር፣ በዘርና በዘር መካከል 10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። አንድ ሜትር በሆነ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ዘር ይገባል ብላችሁ ጠይቋቸው። አብዛኞቹ አሥር ይላሉ፤ አሥራ አንድ መሆኑን በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ የሚያሳዩትን መገረም እኔ በጥቁር ሰሌዳ አግኝቼው አላውቅም።

አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የዘራችውን ሽምብራ በየጠዋቱ አፈሩን እየጫረች አውጥታ ታይ ነበር። ተቆጣኋት፤ በማግስቱም ተደብቃ ጫረች። ልጅቷ ግን ጥፋት አልሠራችም፤ ማወቅ የፈለገችውን የምታይበት ሌላ መንገድ ስላልሰጠኋት ነው። ከዚያ በኋላ ዘር በተዘራ ቁጥር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ፣ እርጥብ ጥጥ ሞልቼ፣ ጥቂት ፍሬ በጥጡና በጠርሙሱ ግድግዳ መካከል አስገብቼ መስኮት ላይ አኖርሁ። ሥሩ ቀድሞ ወደ ታች ሲወርድ፣ ቡቃያው ኋላ ወደ ላይ ሲወጣ ሁሉም አዩት፤ የተዘራውን የሚጭር ልጅም ከዚያ ወዲህ አልነበረም።

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአካባቢ ሳይንስ «ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል» እያስባልን በሥዕል ስናስተምር ኖረናል። ሽምብራው ሲያድግ ግን ጠዋት ቅጠሉን ዳስሰው ጣታቸውን ይቅመሱ፤ ኮምጠጥ ይላል፤ ተክሉ ራሱ የሚያወጣው አሲድ ነው። ለአራተኛ ክፍል ልጆች አንዱን ተክል ከነሥሩ ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ በውኃ እጠቡላቸው። በሥሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በጥፍራቸው ሲከፍቱ ውስጡ ሐምራዊ ቀይ ከሆነ፣ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂን የተባለውን የተክል ምግብ ከአየር ወስደው ለተክሉ እያዘጋጁ ናቸው፤ ከፊሉም ለአፈሩ ይተርፋል። ገበሬው ሽምብራ ዘርቶ በማግስቱ ዓመት ጤፍ ለምን እንደሚዘራበት ያን ጊዜ ከአባታቸው ጋር መነጋገር ይችላሉ።

በዚያው ወራት ለስፌት የሚሆነው ሣር፣ ስንደዶ፣ ይለቀማል። ስፌት የምታውቅ አንዲት እናት ከመንደሩ ጋብዙና ዛፍ ሥር ታስተምር፤ ክፍላችሁ ስልሳ ልጅ ከሆነ ግማሹ መደቡ ላይ፣ ግማሹ ስፌቱ ላይ ይሁን። ስንደዶው በውኃ ካልራሰ ወስፌው በበሳው ቀዳዳ ሲያልፍ ይሰበራል፤ ይህን አንድ ጊዜ ሰብረው ይማሩት። አለላውን፣ ማለትም በቀለም የተነከረውን ስንደዶ፣ ጌጥ አድርጎ ለማስገባት ደግሞ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ቆጠራው ስለሚለወጥ፣ ትንሽ ሙዳይ የሰፋ ልጅ ሳያውቀው ብዙ ማባዛት ሠርቷል። ወንዶቹን አታስቀሩ። ሥራው የሴት ነው የሚል ሳቅ በመጀመሪያው ሳምንት ይነሣል፤ መምህሩ ራሱ ወስፌ ይዞ ሲቀመጥ ይቆማል።

ጠማማውን መስመርና የተንጋደደውን ሙዳይ አታቃኑላቸው። የወረዳ ሱፐርቫይዘር ይመጣል ብላችሁ ሌሊት መደቡን ብታሳምሩ ልጆቹ ጠዋት መጥተው መደቡ የእነሱ አለመሆኑን ያውቃሉ።

እሸቱን እዚያው መደቡ ዳር ይብሉት። ለዘር የሚሆነው ግን ተክሉ ላይ ደርቆ ይሰብሰብ፤ የየቡድኑ ስም ተጽፎበት በጨርቅ ተቋጥሮ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና መስከረም ላይ እነዚያው ልጆች ለአዲሶቹ አንደኛ ክፍሎች በእጃቸው ያስረክቡት።