ዶን ቦስኮ ክሪስቶ ሬይ ለምትማረው ልጅ፦ ስካን ማድረግ ሬዙሜ ላይ ይጻፋል ወይ?

ሰላም ወንድሜ፣ መልስ ስላቆየሁብህ ይቅርታ። ሌሎቻችሁም እንድትከታተሉ የጠየቀኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ ካዲስ አበባ ከመጣ ሶስት አመቱ ነው፣ ሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ ያለው ዶን ቦስኮ ክሪስቶ ሬይ 11ኛ ክፍል ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ክራቫት አስሮ ዋሽንግተን ዲሲ አንድ የጠበቆች ቢሮ ይሰራል፣ ስራው ወረቀት ስካን ማድረግና ፋይል ማስተካከል ነው፣ ደሞዙ ግን ለትምህርት ቤቱ ነው ሚገባው። አሁን ለሰመር ስራ ሊያመለክት ነው፣ "ጋሼ፣ ፐብሊክ ስኩል ያሉ ጓደኞቼ በነጻ ነው ምትሰራው እያሉ ይስቁብኛል፣ ሬዙሜ ላይ ልተወው?" ይለኛል።

እንዳትተወው!

በነጻ ነው የሚለውን መጀመሪያ እናጥራው፣ ምክንያቱም ኢንተርቪው ላይም ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ታሪኩን ካላወቅክ ትንተባተባለህ። ክሪስቶ ሬይ የሚባለው፣ ልጆች እየሰሩ የሚማሩበት የካቶሊክ ትምህርት ቤት አይነት፣ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1996 ቺካጎ ፒልሰን የሚባል ብዙ የሜክሲኮ ስደተኞች ያሉበት ሰፈር ነው። ኢየሱሳውያን ካህናት እዛ ሃይስኩል ሊከፍቱ ፈለጉ፣ ቤተሰቡ ደግሞ የግል ትምህርት ቤት ከፍሎ ማስተማር አይችልም፣ እና አንድ አማካሪ ልጆቹ ራሳቸው ሰርተው ለምን አይከፍሉም አላቸው። አራት ልጅ አንድ የሙሉ ጊዜ ስራ ይካፈላል፣ ሁሉም በሳምንት አንድ አንድ ቀን፣ የቀረችውን ቀን በየተራ፣ ሲደመር በወር 5 ቀን። ቢሮው ለዛ ቦታ ይከፍላል፣ ብሩ ከትምህርት ክፍያህ ላይ ይቀነሳል። ስለዚ ይከፈልሃል፣ አንተ ኪስ ሳይገባ ነው ሚያልፈው እንጂ፣ ለእናትህም እንዲህ ብለህ አስረዳት። ያንተው ትምህርት ቤት የተከፈተው 2007 ነው፣ የዋሽንግተን የካቶሊክ ሀገረ ስብከትና ሳሌዢያኖች (ዶን ቦስኮ የመሰረተው ማህበር) አንድ ላይ ሆነው፣ የመጀመሪያዎቹ ልጆች 2011 ተመረቁ።

እናቴ ዶን ቦስኮ ሲባል ቴክኒክና ሙያ መስሏት ነበር ያልከው በጣም አሳቀኝ፣ አገር ቤት መቀሌም ዲላም ዶን ቦስኮ ሲባል ብየዳና እንጨት ስራ ነዋ ትዝ ሚለን። ግን ብዙም አልተሳሳተችም። ዶን ቦስኮ ራሱ የጣሊያን ቄስ ነው፣ ቱሪን ከተማ ውስጥ የጎዳና ልጆች ሰብስቦ ሙያ ያስለምድ ነበር፣ 1852 ላይ አንድ ልጅ አናጢ ጋ ሲገባ የተጻፈ ውል እስካሁን አለ፣ ዶን ቦስኮም ፈርሞበታል፣ አናጢው ልጁን ሲያርም በቃል እንጂ በዱላ እንዳይሆን፣ በበዓል ቀን እንዲያርፍ፣ ከሙያው ውጭ እንዳይላላክ ይላል። ያኔ! እኛ ጋ ጋራዥ የገባ ልጅ እስከ ቅርብ ጊዜ በመፍቻ ይመታ ነበር።

እሺ ወደ ሬዙሜው። አሰሪ የሚለው ቦታ የቢሮውን ስም ብቻ አትጻፍ፣ የቀጠረህ የትምህርት ቤቱ ኮርፖሬት ወርክ ስተዲ ፕሮግራም (ተማሪዎቹን ቢሮ የሚመድበው ክፍል) ነው፣ እሱን ጽፈህ ከስሩ የተመደብክበትን ቢሮ ጨምር፣ አለበለዚያ ባክግራውንድ ቼክ ሲደረግ ቢሮው አናውቀውም ሊል ይችላል። ከዛ "ስካን አደርጋለሁ" ብለህ አትለፈው፣ ቁጥር አስገባ። በወር 5 ቀን ለ10 ወር ወደ 50 ቀን ነው፣ 9ኛና 10ኛን ብቻ ብትቆጥር እንኳ 100 ቀን፣ በቀን 8 ሰአት ካልን 800 ሰአት ቢሮ ተቀምጠሃል፣ የሚስቁብህ ጓደኞችህ ስንት አላቸው? በቀን ስንት ፋይል ታስገባለህ፣ ስም አሰጣጡን ማን አስተማረህ፣ የተሳሳተ ገጽ ስታገኝ ምን ታደርጋለህ፣ እነዚህን ጻፍ። የደንበኛ ስም ግን በምንም አይነት እንዳትጠቅስ፣ የጠበቃ ቢሮ ነው አደራ።

እኔ ራሴ ዲሲ እንደገባሁ ሁለት አመት ፓርኪንግ ሰርቼ አፍሬ ሬዙሜ ላይ አልጻፍኩትም ነበር። ኢንተርቪው ያደረገኝ ሰውዬ እነዚህን ሁለት አመታት የት ነበርክ አለኝ፣ ላቤ እየወረደ ፓርኪንግ አልኩት፣ ማታ ካሽ ትዘጋ ነበር? ሲለኝ አዎ ብቻዬን አልኩት፣ ከዛ በኋላ የጠየቀኝ ሁሉ ስለሱ ነው፣ የድግሪዬን ነገር አላነሳውም።

ሌላው፣ ረቡዕ ቢሮ ፒዛ ሲያዝዙ ጾም ነው ማለት አፍሬ አሞኛል እላለሁ ያልከው። ተው እንጂ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ የሚታመም ልጅ ማን ይቀጥራል ሃሃ። የኦርቶዶክስ ጾም ነው፣ ስጋም ወተትም አልበላም በላቸው፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቁሃል፣ በዛው ታወራለህ፣ ሰው ሚያስታውስህ እንደዚ ነው።

እና ሱፐርቫይዘርህ አመቱ ሲያልቅ ኢቫሉዌሽን ትሞላልሃለች አይደል፣ ሳትሞላው በፊት ሬፈረንስ ትሆኚኛለሽ ወይ ብለህ ጠይቃት፣ በኢሜይል ሳይሆን ጠረጴዛዋ ጋ ሄደህ፣ እሺ ካለች ስልኳንና የስራ መጠሪያዋን ራሷ እንድትጽፍልህ አድርግ። ሬዙሜውን ስትጨርስ ላክልኝና አየዋለሁ።