የሥራ ቆይታ ጨምሯል ማለት ሥራዬ ተረጋግጧል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ቋሚ ሆኜ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ኢኮኖሚው ሲናጋ ሰው በሥራው ላይ ምን ያህል ይቆያል ብዬ ሳገላብጥ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የሠራተኛው የቆይታ ዘመን ጭራሽ ጨመረ የሚል ቁጥር አገኘሁ። ታዲያ ልረጋጋ? (አዲሷ ተቀጣሪ)

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ እህቴ። የሚያወራው ግን ስለ አንቺ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ከአሜሪካ ተቀጣሪዎች ግማሹ ከአሠሪያቸው ጋር 4.1 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው ነበር። ይኸው ልክ በ2010 ወደ 4.4፣ በ2012 ወደ 4.6 ዓመት ከፍ አለ። በመሀሉ ግን፣ በጥቅምት 2009፣ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ገብቷል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? የሚቆጠረው በሥራ ላይ ያለው ብቻ ነዋ! ትናንት የገባው ሲባረር ከቆጠራው ይወጣል፤ አዲስ የሚቀጠረው ያንሳል፤ ነባሮቹ ይቀራሉ። ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ከክፍል አስወጥቶ የክፍሉ አማካይ ጨመረ እንደማለት ነው። ነባሩም ሥራው ቢያስጠላው ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። በ2009 መጀመሪያ ላይ እዚያው አሜሪካ የተቀነሰው ሰው በፈቃዱ ከለቀቀው በልጦ ነበር፤ በደህናው ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

እኔ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሰው ኃይል ክፍል ነው። "ሰው ቀንሱ" የሚል ትእዛዝ ሲወርድ መጀመሪያ የምንከፍተው የቅጥር ቀን ያለበትን ሰንጠረዥ ነበር። የምናነበውም ከታች ወደ ላይ ነው። በቅርብ የገባ ሰው ካሳው ትንሽ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ላይ ያለውማ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ፍትሐዊ ነው አልልም። ስንት ጎበዝ ልጆች በዚያ መንገድ ሲሄዱ አይቻለሁ።

የውሉ ዓይነትም ይወስናል። ስፔን ውስጥ ከቀውሱ በፊት ከተቀጣሪው ሲሶ የሚጠጋው ጊዜያዊ ኮንትራት ላይ ነበር። እነሱን ለመሸኘት ውላቸውን አለማደስ ብቻ በቂ ሆነ። የግንባታው ውድቀት ተጨምሮበት ሥራ አጥነቱ ከ2007 እስከ 2013 ከ8 ወደ 26 በመቶ አሻቀበ። ጀርመን ግን በ2009 ኢኮኖሚዋ ከ5 በመቶ በላይ ሲኮማተር ሥራ አጥነቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። ድርጅቶቹ ሰው ከማባረር የሥራ ሰዓት ቀነሱ፤ ከጎደለው ደመወዝ ከፊሉን መንግሥት ሸፈነ።

አንቺ ይልቅ አሠሪሽን ተከታተዪ። አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ይቀራል፤ ቀጥሎ ቅጥር ይቆማል፤ ከዚያ ኮንትራት አይታደስም፤ ቋሚው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅጥር ከቆመ ሲቪሽን አዘጋጂ። ሌላ ቦታ ቢጠሩሽ ግን ደመወዙን ብቻ አይተሽ እንዳትነሺ፤ እዚያ የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ነሽ። የሙከራ ጊዜውን ይተዉልሽ እንደሆነ ጠይቂ። እምቢ ካሉ፣ እኔ ብሆን ካለሁበት አልንቀሳቀስም።