እንግዳ ተቀምጦ ቡና ለቀማ አይወጣም

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ሁለት ተማሪዎች ላፕቶፕ ይዘው ቤቴ መጡ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር ጮክ ብለን ነበር የምናወራው። የሠሩት ፕሮግራም የቡና ፍሬ ፎቶ ይከፍታል፣ የቀላውንና ያልቀላውን ይለያል። ሐሳቡ በጣም ደስ አለኝ። መስኮቱን በማውስ ሲጎትቱት ግን ሥዕሉ ይቆማል፣ ይጠፋል፣ ቆይቶ ይመጣል። ኮዱን ሳላይ ችግሩ የት እንዳለ ገባኝ። እኔም አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁና።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የቡና ማስጫ አልጋዎችን ፎቶ የሚያሳይ ፕሮግራም በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩ። ፎቶውን ከዲስክ የማነበው ፔይንትኮምፖነንት (መስኮቱ ላይ ሥዕሉን የሚሥለው የኮድ ክፍል) ውስጥ ነበር። እኔ ቤት በደንብ ይሠራል። እነሱ ጋ ወስጄ ስከፍተው መስኮቱ ባዶ ሆኖ ቀረ። ኃላፊው ትንሽ ጠበቁና "ሲስተካከል ትመለሳለህ" አሉኝ። ወደ ቤት ስሄድ አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ብዙ ቆምኩ። ስህተቴ ምን እንደሆነ እንኳ አላወቅኩም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔይንትኮምፖነንትን የምትጠሩት እናንተ አይደላችሁም፣ ስዊንግ (መስኮትና አዝራር የሚሠራው የጃቫ ክፍል) ነው። መስኮቱ ሲሰፋ ይጠራዋል። ተሸፍኖ ሲገለጥም ሊጠራው ይችላል። ሪፔይንት (እንደገና ይሣል) ብላችሁ ስትጽፉም "አሁኑኑ ሣል" ማለታችሁ አይደለም፤ ወረፋ ማስያዛችሁ ነው። አሥር ጊዜ አከታትላችሁ ብትጠሩት አንዴ ብቻ ሊሥል ይችላል። ሥዕሉንም፣ የማውሱን ጠቅታም፣ የኪቦርዱንም የሚያስተናግደው ያው አንድ ትሬድ፣ ማለትም ሥራዎችን በተራ አንድ በአንድ የሚያከናውን መስመር ነው። እሱ ፋይል እያነበበ ከሆነ ሌላውን ማን ይስማ?

እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ አይታችኋል። እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ግን ማንም ብድግ ብሎ ማሳ ወርዶ ለቀማ አይጀምርም። ፎቶ ከዲስክ ማንበብ ለቀማ ነው። አስቀድማችሁ በኢሜጅ አይኦ (የጃቫ ፎቶ አንባቢ) አንዴ አንብቡና ቡፈርድኢሜጅ (ሜሞሪ ላይ ያለ የፎቶ መያዣ) ውስጥ ያዙት። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ በስዊንግወርከር፣ ከዚያ ትሬድ ውጭ በሚሠራ ረዳት፣ ከጀርባ ይነበብ። ፔይንትኮምፖነንት ውስጥ መጀመሪያ ሱፐሩን (ጀርባውን የሚያጸዳውን የስዊንግን የራሱን ፔይንትኮምፖነንት) ጥሩ፣ ከዚያ ድሮውኢሜጅ (ፎቶውን የሚሥለውን ትእዛዝ)፣ በቃ። ሱፐሩን ከዘለላችሁት የቀድሞው ሥዕል ርዝራዥ ከአዲሱ ጋር ተደራርቦ ሊቀር ይችላል። ኢሜጅ አይኦ የማያውቀው ዓይነት ፋይል ሲገጥመው ደግሞ ስህተት ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ናል (ባዶ) ይመልሳል። ስለዚህ ሁልጊዜ አረጋግጡ።

ይህን ካስተካከልን በኋላ ሌላ ነገር መጣ። ብዙ ፎቶ ሲከፍቱ ሜሞሪ ያልቃል። አንደኛው "ጋሼ፣ ፋይሉ እኮ 3 ሜጋ ባይት ብቻ ነው" አለኝ። ልክ ነው፣ ዲስክ ላይ። ጄፔግ የታመቀ ነው። ፎቶው 4000 በ3000 ነው፤ ሲፈታ 12 ሚሊዮን ፒክስል (የቀለም ነጥብ) ይሆናል። ለእያንዳንዱ 4 ባይት ስትይዙለት 48 ሚሊዮን ባይት። ሃያ ፎቶ ሲሆን ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። የእነሱ መስኮት ግን ስፋቱ 800 ፒክስል ነበር! ስለዚህ ኢሜጅሪድፓራም (ፎቶው እንዴት እንደሚነበብ የሚነገርበት) ላይ ሰብሳምፕሊንግ አደረግን፤ ወደ ጎንም ወደ ታችም ከየአራቱ ፒክስል አንዱን ብቻ እንዲይዝ። ፎቶው 1000 በ750 ሆነ፣ 3 ሚሊዮን ባይት።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያየነውን ነው። አንድ የበሰለ ፍሬ መረጥንና ፒክስሏን ከፍተን አየን። አንዷ ፒክስል በአንድ ኢንት (የጃቫ ሙሉ ቁጥር) ውስጥ 32 ቢት ናት፤ 8 ለግልጽነት፣ 8 ለቀይ፣ 8 ለአረንጓዴ፣ 8 ለሰማያዊ። ብርሃን ያረፈበት ጎን ቀይ 171፣ አረንጓዴ 32፣ ሰማያዊ 41 ወጣ። የዚያችው ፍሬ ጥላ ያረፈበት ጎን ደግሞ 68፣ 13፣ 16። ልጆቹ ያወጡት ሕግ "ቀዩ ከ150 በላይ ከሆነ በስሏል" የሚል ነበር። ስለዚህ የአንዲት ፍሬ ግማሿ በስሎ ግማሿ ጥሬ ሆኖ ይቆጠራል። ወደ ኤችኤስቢ (ቀለሙን፣ ድምቀቱንና ብርሃኑን ለየብቻ በቁጥር ወደሚያስቀምጠው) ስንቀይራቸው ሁለቱም ቀለማቸው 0.99 አካባቢ ሆነ። ጥላው የቀነሰው ብርሃኑን ነበር፣ ቀለሙን አይደለም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቀለም ክብ ስለሆነ ቀይ ከ0 አጠገብም ከ1 አጠገብም ይገኛል። 0.98ም ቀይ ነው፣ 0.02ም ቀይ ነው። "ከ0.05 በታች" ብቻ ብትሉ ከቀዩ ብዙውን ትጥላላችሁ።

ይህን በቁጥር ሳታዩ በግምት ሕግ አታውጡ። እኔ ብዙ ዓመት በግምት ሠርቼ ነው የባከንኩት። አንዷን ፒክስል አትማችሁ ተመልከቱ። ወረቀት ላይ ጻፏት።

ያልጨረስነው አለ። ከዝናብ በኋላ የተነሳ ፎቶ ላይ እርጥቡ ፍሬ ያብለጨልጫል፤ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ይታያል። ነጭ ላይ ደግሞ የቀለሙ ቁጥር ትርጉም የለውም። ሳቹሬሽኑ (የቀለሙ ድምቀት) ዝቅ ያለውን ፒክስል ትተን በዙሪያዋ ባሉት እንፍረድ ብያቸዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ፣ አዲስ ፎቶ እናነሳለን ብለው ተነስተው ሄዱ።