«ካጠብከኝ ወዲህ ጥርሴ ተነቃነቀ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ በግል ክሊኒክ የምሠራ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከወራት በፊት ሃምሳን የተሻገሩ አንድ አባት ድዳቸው እየደማ መጡ። የጥርስ ድንጋያቸው ብዙ ስለነበር አጠብኩላቸው። በሳምንቱ ተመልሰው «የታች የፊት ጥርሴ ተነቃነቀ፣ መሀሉ ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አላስጠጣ አለኝ» አሉ። አሁን ልጃቸው «ካርዱን ስጠኝ፣ እንከስሃለን» እያለ ይመላለሳል። ካርዱ ላይ ያለው «ስኬሊንግ ተደርጓል» (የጥርስ ድንጋይ ተነሥቷል) የሚል ብቻ ነው። ዘርዝሬ ልጨምርበት? ገንዘባቸውንስ ልመልስ? (ከበርበሬ ወንዝ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግን በመጀመሪያ እስክሪብቶህን አስቀምጥ። ያኔ እንደተጻፈ አስመስለህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። የምታስታውሰው ካለ የዛሬውን ቀን ጽፈህ፣ «ዘግይቶ የተጻፈ» ብለህ፣ ፈርመህ ከታች አስፍረው። ካርዱ ባዶ የሆነ ሐኪም ሰነፍ ይባላል። ካርዱ የተነካካ ግን ውሸታም ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ እውነቱን ብትናገርም የሚሰማህ የለም።

ጥርሱን ያነቃነቀው እጅህ እንዳልሆነ ሙያው ያለን ሰዎች እናውቃለን። ድድ ሥር የተደበቀው ባክቴሪያ ለዓመታት ሰውነትን ሲያስቆጣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል። ግድግዳው ተንዶ በልስኑ ብቻ እንደቆመ ቤት፣ እነዚያ ጥርሶች የቆሙት በድንጋዩ ተያይዘው ነበር። ድንጋዩ ሲነሳ መነቃነቁ ይገለጣል። ያበጠው ድድ ሲሟሽሽ ሥሩ ይጋለጣል፣ ቀዝቃዛ ይሰማል፣ መሀሉም ይከፈታል። እብጠቱ መጉደሉ ሕክምናው መሥራቱን ያሳያል። ለታካሚው ግን ደህና ጥርስ ይዞ ገብቶ የሚነቃነቅ ይዞ የወጣ ነው የሚመስለው። ደሴም ኮምቦልቻም «ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል» የሚባለው ወሬ የሚበላው ከዚህ ነው። አራቢዎቹ ደግሞ ሳንናገር የምንጎረጉር እኛው ነን።

ዳኛ ፊት የሚያከራክረው ከመታጠቡ በፊት ጥርሱ ምን ላይ እንደነበር ነው። ያንን የሚመሰክርልህ ፕሮብ ነው፤ በድድና በጥርስ መሀል ገብቶ ጥልቀቱን የሚለካው ቀጭን መሣሪያ። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ይለካል። ካልደማ እስከ 3 ሚሊሜትር ጤና ነው፤ ከ4 ጀምሮ ኪስ (ድድ ከጥርሱ ተላቆ የሚፈጠር ክፍተት) መፈጠሩን ጠርጥር፤ 6 ከደረሰ አጥንቱን በራጅ ሳታይ አትጀምር። እኔ ዘንድ ነርሷ አጠገቤ ቆማ ትጽፋለች። «ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት ደም» እያልኩ እጠራለሁ፣ የደማውን በቀይ ታከብበዋለች። ጥርሱንም በሁለት መሣሪያ እጀታ መሀል ይዤ ገፋ እያደረግሁ የመነቃነቁን ደረጃ ከ1 እስከ 3 አስጽፋለሁ። ታካሚው ቁጥሩ ሲጠራ ሰምቶ ራሱ «አምስት ማለት ምንድን ነው?» ይላል። ማስረዳቱም ከዚያው ይጀመራል። መስታወት ሰጥቼ፦ «አባባ፣ ይቺ ጥርስ ካሁኑ ትነቃነቃለች፣ በጣትዎ ይሞክሯት። ድንጋዩ ሲነሳ ይብሱን የላላች ትመስላለች፣ ረዘም ብላም ትታያለች፣ ለጥቂት ሳምንት ቀዝቃዛ ይቆጠቁጥዎታል። ካልታጠበ ግን አጥንቱ መበላቱን አይተውም። ይቅርብኝ ካሉ መብትዎ ነው» እላለሁ። መብትነቱ ደግሞ የእኔ ቸርነት አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ነው። ያልኩትንና የመለሱትን ሁለት መስመር አድርጌ እጽፋለሁ። ማንበብ ለማይችል ይነበብለታል፣ ጣቱን ያሳርፋል፣ ምስክር ይፈርማል። ከከሚሴ ወይም ከባቲ የመጣ፣ አማርኛ የማይቀናው ሰው ከሆነ ያስተረጎመው ሰው ስምም ይጻፍ። «ገብቶታል» ብሎ መገመት አያዋጣም።

ሕጉን ያለልክ አትፍራው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2639 ሐኪም በውል የሚገባውን ግዴታ ሲያስቀምጥ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርግ ነው የሚለው፤ የግድ እንዲያድን አይልም። («ያለ ሕመም፣ በአስተማማኝ ዋስትና» የሚል ባነር የሚሰቅሉ ክሊኒኮች ሕጉ ያልጫነባቸውን ዕዳ በገዛ ገንዘባቸው አሳትመው ይሸከማሉ።) አንቀጽ 2031 ደግሞ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል። ኪስ ሳይለኩ ማጠብ የት እንደሚወድቅ አንተው ፍረድ። በቸልተኝነት አካል መጉዳት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 ላይ አለ። ስለዚህ ጠበቃ ሳታማክር የጽሑፍ መልስ አትስጥ። ይርጋውን፣ ማለት የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን፣ ቆጥሮ ካርድ የሚጥልም አይቻለሁ፤ ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት በአንቀጽ 2143 የተባለው 2 ዓመት ነው፣ በውል ከመጣ ግን በአንቀጽ 1845 እስከ 10 ዓመት ሊሄድ ይችላል።

ልጅየው ታካሚህ አይደለም። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። አባትየው ራሳቸው ይምጡ ወይም በጽሑፍ ይወክሉት፤ ያኔም ቅጂውን ስጥ፣ ዋናው ከእጅህ አይውጣ። ገንዘብ መመለሱን አልቃወምም። ወሎ ውስጥ ነገር ከፍርድ ቤት በፊት ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል፣ ደግም ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ፊት የተቋጨው ሁሉ በወረቀት ይስፈር፣ ሁለታችሁም ፈርሙበት። በቃል የተመለሰ ብር በማግስቱ «ጥፋቱን አምኖ መለሰ» ይባላል።

ከሁሉ በፊት ግን ለአባትየው ደውል። አንተው ደውል፣ ጸሐፊዋ አትደውል። ዛሬ ለካቸው። የሚነቃነቀውን በቀጭን ሽቦና በሙሌት አያይዝላቸው። ስኳራቸውን አስመርምር፤ ያልታወቀ ስኳር ድድን ያባብሳል። አምሎዲፒን ለደም ግፊት የሚወስዱ ከሆነ እሱም ድድ ያሳብጣል፣ መድኃኒቱን ግን አንተ አታቋርጥ፣ ለሚከታተላቸው ሐኪም ጻፍ። ጫት ከቃሙ በየትኛው ጉንጭ እንደሚይዙት ጠይቀህ ያንን ጎን ለይተህ እይ። በየሦስት ወሩ ቅጠራቸው። ከአቅምህ በላይ ከሆነ ወደ ደሴ ላካቸው፤ አልሄድም ካሉም ያንኑ ጻፍ። የሚያኮርፍ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ከመነቃነቁ ይልቅ የሚከፋው ተመልሶ ሲመጣ ሐኪሙ ፊቱን ሲያዞርበት ነው።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። አማቴ «እርጉዝ ጥርሷ አይነካም» ብላ ከለከለችኝ። (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽን ይዘሻት ነይ፣ አብረን እናያለን። በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ድድ በጥቂት ቆሻሻ በቀላሉ ይቆጣል። መታጠብ ይቻላል፤ ያለሽበት ወቅት እንዲያውም በጣም የሚመቸው ነው። ማደንዘዣ ቢያስፈልግ ሊዶኬይን ይሰጥሻል። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን ግን አይሆኑሽም፣ ስለዚህ ፋርማሲ ገብተሽ «የድድ መድኃኒት» ብለሽ እንዳትገዢ። ድድሽ ላይ ቀላ ያለች፣ ስትነካ የምትደማ እብጠት ብትወጣም አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ከወሊድ በኋላ ትሟሽሻለች። አሳዪን እንጂ በቤት አትቁረጫት። መቦረሹን በደሙ ምክንያት አታቁሚ፣ ባቆምሽ ቁጥር ይብስበታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬን ሙሉ በመፋቂያ ነው የኖርኩት። ልጆቼ ቡርሽ ካልገዛህ ይሉኛል። (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጫፉ በደንብ ከላመ መፋቂያዎን አልነጥቅዎትም። ችግሩ ከፊት ለፊት ብቻ መፋቁ ነው። ምራቅ ከምላስ ሥር ስለሚፈልቅ ድንጋይ ቶሎ የሚጋገረው በታች የፊት ጥርስ ጀርባ ነው፣ መፋቂያ ደግሞ እዚያ አይታጠፍም። ምላስዎን በዚያ በኩል ያስኪዱት። ከሻከረዎት ይምጡ፣ ለክተን እናጥብልዎታለን።