ከቦርዶ እስከ ቱሉዝ፦ መኪና ለሚፈሩ፣ ዳገት ለማይወዱ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ደግሜ አነበብሁት። እርስዎና ባለቤትዎ ሃምሳን ተሻግራችኋል፤ ብስክሌት ከጀመራችሁ ገና ሁለት ዓመታችሁ ነው፤ በቀን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት አትፈልጉም። የባለቤትዎ ጉልበት ዳገት አይወድም፤ እርስዎ ደግሞ ከኋላ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር መሪው በእጅዎ ይንቀጠቀጣል። በነሐሴ አንድ ሳምንት ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ፣ ጸጥ ባለ መንገድ። ከእኔ በፊት የመለሱት ሁሉ «ሎዋር ሂዱ» ብለዋል።

የሎዋርን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ያምራል፤ እኔም ነድቼዋለሁ። ነገር ግን 900 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ከዚያ መንገድ ብዙው ክፍል ከመኪና የተከለለ አይደለም፤ መኪና እምብዛም የማይበዛበት የገጠር መንገድ ነው። ለእኔ ያ በቂ ነው። ለእርስዎ ግን አንድ መኪና ቢሆንም መኪና ነው። በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕሩ ሲነዳ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ በኩል ፊት ለፊት ይመጣል። ሜዳ ላይ የሚመታ ነፋስ ደግሞ ከዳገት ይብሳል፤ ዳገት ቢያንስ ጫፍ አለው።

የእኔ መልስ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ከቦርዶ ወደ ቱሉዝ ነው። ከ250 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ በሰባት ቀን ያለ ጥድፊያ ይደረሳል። ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ መጀመሪያ ብቻዬን፣ ሁለተኛውን ከባለቤቴ ጋር በፍልሰታ ጾም።

ከቦርዶ እንደ ወጣችሁ የጋሮንን ወንዝ ቀኝ ዳር ይዛችሁ ትንሽ ስትነዱ ላትሬን ላይ የድሮው የባቡር መስመር ይጀምራል። ሐዲዱ ተነቅሎ አስፋልት ለብሶ ለብስክሌትና ለእግረኛ ተሰጥቷል። ስሙ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1937 የፈረንሳይን ዙር ውድድር ባሸነፈው በሮዠ ላፔቢ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይችል መንገዱን የቀየሱት መሐንዲሶች ኮረብታውን እየቆረጡ አለስልሰውታል፤ የዛሬ ትርፉ ለባለቤትዎ ጉልበት ነው። የመጀመሪያው ቀን ክሬዮን ድረስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እዚያ እደሩ። በማግስቱ ላ ሶቭ አጠገብ ዋሻ አለ፤ ከነሐሴ ሙቀት ድንገት ወደ ቀዝቃዛ አየር ስትገቡ ክንዳችሁ ላይ ያለው ላብ ውርጭ የሆነ ይመስላችኋል።

በዚህ መስመር ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ሐዲዱ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ሁሉ ብስክሌተኛው እንዲያዘግም የእንጨት መከላከያ ቆሟል። የጎን ቦርሳዎ ሰፊ ከሆነ ይይዘዋል። ባለቤቴ ሁለቱን አልፋ ሦስተኛው ላይ ተጋጭታ ወደቀች። ጉዳት አልነበረም፤ የሰማሁት ስድብ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። መከላከያው ጋ ስትደርሱ ወርዳችሁ ግፉ።

መስመሩ የሚያበቃው ሶቭቴር ደ ጉዬን ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1281 የተቆረቆረች፣ አራት በሮች ያሏት ትንሽ ከተማ። ከዚያ እስከ ላ ሬኦል ያሉት 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናቸው ከመኪና ጋር የሚያገናኟችሁ፤ ትንሽ ወጣ ገባም አላቸው። ይህን አልደብቅም። መፍትሔው ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሳት ነው። እኛ በዚያ ሰዓት ስንነዳ ያለፉን ሁለት ትራክተርና አንድ የዳቦ መኪና ብቻ ነበሩ። ዋናውን መንገድ ትታችሁ በወይን እርሻው መካከል ያሉትን፣ ካርታ ላይ በቀጭን ነጭ መስመር የሚታዩትን ያዙ።

ላ ሬኦል ላይ ድልድዩን ተሻግራችሁ ፎንቴ ስትደርሱ ለጀልባ የተቆፈረው የጋሮን ቦይ ይቀበላችኋል። ከዚህ በኋላ እስከ ቱሉዝ ካርታ ማየት አያስፈልግም፤ ውሃውን ይዞ መሄድ ነው። ቦዩ 193 ኪሎ ሜትር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1856 ተጠናቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሥራውን ነጠቀው። ለእኛ ግን ይኸው ሐዲድ ዋስትና ነው። ማርማንድ፣ አዠን፣ ሞይሳክ፣ ሞንቶባን ሁሉ ጣቢያ አላቸው፤ ጉልበት ቢያምም፣ ዝናብ ቢመጣም፣ ብትጣሉም ባቡሩ ቅርብ ነው። የክልል ባቡሮቹ ብስክሌትን ሳይፈታ ይጭናሉ፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ ግን ቅዳሜን ሽሹ።

ቦዩ ላይ ዳገት የሚባለው የውሃ በር ብቻ ነው። ጀልባዎችን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት እነዚህ በሮች በጠቅላላው 53 ናቸው፤ በእያንዳንዱ አጠገብ መንገዱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ብድግ ይልና እንደገና ይተኛል። አዠን ከመግባታችሁ በፊት አራቱ ተከታትለው ይመጣሉ፤ እነሱን እንደጨረሳችሁ ቦዩ ራሱ ድልድይ ላይ ይወጣል። 539 ሜትር ርዝመት፣ 23 ቅስቶች፤ ከሥር ጋሮን ይፈሳል፣ ከላይ ጀልባ ይሄዳል፣ በጎን እናንተ። እኔ እዚያ ላይ ብስክሌቴን አስደግፌ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ለ ማስ ዳዥኔን አትለፉት። መንደሩ ከቦዩ በላይ ኮረብታ ላይ ስለሆነ ብዙ ብስክሌተኛ «ዳገት ነው» ብሎ ይተወዋል። ብስክሌቱን ታች ቆልፋችሁ በእግር ውጡ። የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1631 የሣለው የክርስቶስ ስቅለት አለ። አምስተርዳም ቢሆን ሰልፍ የሚያሰልፍ ሥዕል ነው፤ እኛ ስንገባ ከአንዲት አበባ ከምታስተካክል ሴት በቀር ማንም አልነበረም።

አሰልቺ አይደለም ወይ ላሉት፦ ነው፣ ትንሽ። ባለቤቴ በሁለተኛው የቦይ ቀን «ዛፍ፣ ውሃ፣ ዛፍ፣ ውሃ፤ ሌላ ነገር የለም?» አለች። በአዠንና በሞይሳክ መካከል የጎልፌሽ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሁለት ግዙፍ ማማዎች ብቅ ሲሉማ «ይኸው ሌላ ነገር» አልኳት፤ አልሳቀችም። ነገር ግን ጥላውን የምታመሰግኑት ሙቀቱ ሲጀምር ነው። ፕላታን የሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፋቸውን ከላይ አገናኝተው ጣሪያ ሠርተዋል፤ ከጣሪያው ስትወጡ ፀሐዩ እንደ ምጣድ ነው።

ስለ ምግብ የጠየቁት ለእኔ ዋናው ነው፤ ጾመኛ ነኝ ብለዋልና። ያ አገር የዳክዬ አገር ነው። ድንቹ በዳክዬ ስብ ይጠበሳል፣ ሰላጣው ላይ ዳክዬ አለ፣ «አትክልት ብቻ» ብለው ያዘዙት ሾርባ ውስጥም አጥንት ይገኛል። ስለዚህ ምግብ ቤት አትመኑ፤ ገበያ እመኑ። የማርማንድ ቲማቲም፣ የአዠን የደረቀ ፕለም፣ የሞይሳክ ወይን፣ ዳቦ። እኛ ትንሽ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስትና ሽሮ ይዘን ነበር። ምሽት ላይ ድንኳን መትከያው ውስጥ ሽሮው ሲንተከተክ ጎረቤት ያሉ ሆላንዳውያን ሳህን ይዘው መጡ።

ሽሮው ከአንድ ችግርም አውጥቶናል። በፈረንጆቹ ኦገስት 15፣ ማለትም ነሐሴ 9፣ የእነሱ ፍልሰታ ነው፤ የእኛ ነሐሴ 16 ስለሆነ ረስቼው ነበር። የደረስንበት መንደር ዳቦ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቡና ቤቱ ሁሉ ዝግ። እኛ ጾሙን ገና ሳንጨርስ እነሱ በዓሉን ያከብራሉ። ቀኑን ማስታወሻ ላይ ጻፉት፤ ሰኞም ብዙ ዳቦ ቤት እንደሚዘጋ ጨምሩበት።

ውሃ ሲያልቅ የመቃብር ቦታ ፈልጉ። አትደንግጡ፤ በፈረንሳይ መንደር መቃብር በር አጠገብ ብዙ ጊዜ ቧንቧ አለ፤ አበባ ለማጠጣት ነው፤ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ ከሌለበት እቀዳለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ «የሙታን ውሃ አልጠጣም» ብላ ነበር። ሙቀቱ 36 ዲግሪ ሲደርስ ሁለት ጠርሙስ ጠጣች።

ብስክሌት ከምትከራዩበት ቦታ ሳትወጡ ፍሬኑን ሞክሩ። እኔ የተከራየሁት የፊት ፍሬኑ አልቆ ነበር፤ ያወቅሁትም የክሬዮን ቁልቁለት ላይ ነው። ጎማው ከ35 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሳባቸው ቦታዎች አሉ። መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ ያዙ።

መኝታ ከሁሉ በፊት ሞይሳክ ላይ አስይዙ፤ በስፔን ወዳለችው ሳንትያጎ የሚሄዱ የእግር ተሳላሚዎች ስለሚያድሩባት ቶሎ ትሞላለች። እ.ኤ.አ. በ1100 የተጠናቀቀውን የገዳሙን ቅጥር ግቢ ለማየትም ግማሽ ቀን ተዉላት። ከሞይሳክ እስከ ቱሉዝ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ለሁለት ክፈሉት፤ ጉልበቱ እንቢ ካለ ከሞንቶባን ባቡር ይያዙ። ቱሉዝ ላይ ቦዩ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያደርሳችኋል፤ መንገዱን ለማቋረጥ ብቻ ትወርዳላችሁ።